ጉልላቱ የተጠመቀበት ዓርብ

አዲስ ሸክላ ውስጥ ያደረ ውሃ አፈር አፈር ይላል። ሰው ይወደዋል፤ እኔ ግን አይወርድልኝም። ባለፈው የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን የልጄ ሚስት ከወረታ ገበያ አዲስ ማሰሮ ገዝታ መጣች። አጥባ፣ ውሃ ሞልታ፣ ከግድግዳው ጥግ አሳደረችና ጠዋት በጣሳ ቀድታ ሰጠችኝ። «እማማ፣ ቅመሱት እስቲ፣ የምንጭ ውሃ እኮ ነው የሚመስል» አለች። አንድ ጊዜ ተጎነጨሁና ጣሳውን መሬት አስቀመጥሁት። ምን ሆኑ ብትለኝ ጥርሴን አመመኝ አልኋት። የምን ጥርስ! ጥርሴ ካለቀ ስንት ዘመኑ።

እውነቱን ያልነገርኋት የማን ልጅ እንደሆንሁ ስለማታውቅ ነው። እስከዛሬ አልነገርኋትም፤ ከእንግዲህም አልነግራትም። ላንቺ ግን ልንገርሽ፤ ለአንድ ሰው እንኳ ካልተናገርሁት አብሮኝ ሊቀበር ነው። ያ የውሃ ሽታ የእናቴ የእጅ ሽታ ነው። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ቤታችን ፎገራ ሜዳ ዳር፣ ከርብ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ክረምት ውሃ የሚደርስበት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነበር። ባለእርሻዎቹ ከፍ ከፍ ካለው ላይ ሰፍረዋል፤ ከነሱም በላይ፣ ዛፍ ከከበበው ጉብታ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ አለ። ዝቅ ያለውን ለኛ ተዉልን። አባቴ ሸማኔ፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ፤ በዚያ ሰፈር ሁሉ የእጅ ሥራ የሚሠራ ቤት የኛ ብቻ ነበር። እኛም እንደነሱ የተጠመቅን፣ እንደነሱ የምንጾም ክርስቲያኖች ነን። ነገር ግን «ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል» ይሉን ነበር። በናቴ ድስት ወጥ ይሠራሉ፣ በናቴ እንስራ ውሃ ይቀዳሉ፣ አባቴ የሸመነውን ለብሰው ያስቀድሳሉ፤ እኛ በደጃቸው ስናልፍ ግን የሚበሉትን ይከድናሉ። ድስት ሊገዙ ሲመጡ እናቴ ዕቃውን መሬት አስቀምጣ ወደ ኋላ ፈቀቅ ማለት ነበረባት። ያኔ ቀርበው ያነሡታል፣ እህሉን እዚያው ጨርቅ ላይ አፍስሰው ይሄዳሉ። ከእጇ ተቀብሎ የሚያውቅ የለም። እኔ ልጅ ሆኜ ሰው ሁሉ ዕቃ የሚቀባበለው እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ታናሽ እህቴ የተወለደችው ጥቅምት መግቢያ ላይ ነው። ውሃው ከሜዳው ሸሽቶ ጥቁሩ መሬት ገና ይተናል፤ ከብቱ ሁሉ ሜዳው ላይ ፈሷል። ስትወለድ ጀምራ ደቃቃ ነበረች፤ ስትተነፍስ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከሜዳው ተነሥቶ በበራችን ሲገባ ያስላታል። እናቴ የፈራችው አንድ ነገር ነበር። ሴት ልጅ የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ነው። ሳትጠመቅ ብትሞት ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አትቀበርም፣ ፍትሐት አይደረግላትም፣ በጸሎት የሚጠራ ስም የላትም። «እንደ ቡችላ ሜዳ ልትቀርብኝ ነው» ትል ነበር እናቴ። ለመጠመቅ ደግሞ ክርስትና የምታነሣት፣ ከቄሱ እጅ ተቀብላ የምታቅፋት ሴት ታስፈልጋለች። እኔን ያነሣችኝ የናቴ አክስት ነበረች፤ እሷም በዚያው ክረምት ሞታለች፤ ሌላ የቅርብ ዘመድ አልነበረንም። ስለዚህ ከባለእርሻዎቹ ሚስቶች አንዷ የሸክላ ሠሪ ልጅ አቅፋ «ልጄ ናት» ማለት ነበረባት። የናቴ ጭንቅ ሁሉ ይኸው ነበር።

አንዲት ሴት ነበረች። የቦይ ማዶዋ እንላታለን፤ ከባሏ መሬት የሚለየን አንድ ቦይ ነው። ገና ወጣት፣ ሳቂታ፣ የመጀመሪያ ልጇን የምታጠባ። እናቴ ከቦዩ ዳር ጭቃ ስትቆፍር እሷ ውሃ ልትቀዳ ትመጣለች፤ ሰው ካላያቸው አንዷ ወዲህ አንዷ ወዲያ ሆነው ሲጫወቱ ያረፍዳሉ። እናቴ ከሌላ ሰው ጋር እንደዚያ ስትስቅ አይቼ አላውቅም። እናቴ እርጉዝ ሳለች አንድ ቀን የቦይ ማዶዋ «አንቺ ብቻ በሰላም ተገላገይ፤ ሴት ከሆነች ክርስትናዋን የማነሣት እኔ ነኝ» አለቻት።

«ኧረ ተይ፣ አማትሽ ትገድልሻለች» አለች እናቴ።

«ማርያምን አነሣታለሁ!»

በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማንም አልነገረኝም።

በዚያው ዓመት የቤተ ክርስቲያኑ የሣር ክዳን ይታደስ ነበር። ከጣሪያው ጫፍ የሚሰካው የሸክላ ጉልላትም በክረምቱ በረዶ ተሰንጥቋል፤ አዲስ መሠራት ነበረበት። ጾሙ እንደገባ ቄሱ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደኛ ወረዱ። ከአጥራችን አልገቡም፤ እደጅ ቆመው ነው የተናገሩ። እናቴ ሕፃኗን እንዳዘለች ወጥታ መሬት ሳመች።

«ለልደት የሚደርስ ጉልላት ትሠሪያለሽ?» አሉ።

«እሠራለሁ አባ። ዋጋም አልፈልግ። ይችን ልጅ ብቻ ያጥምቁልኝ።»

«አንቺስ ክርስቲያን አይዶለሽም? ማን ከለከለሽ!» አሉ። ድምፃቸው ደግ ነበር፤ አልዋሽም። «ሰማንያዋ የሚሞላው የኖላዊ እሑድ ሊገባ ዓርብ ነው። ጉልላቱም የሚወጣ ያን ለት ነው። ክርስትና የምታነሣትን ሴት ይዘሽ ነይ፤ አጠምቃታለሁ።»

ያን ቀን እናቴ ስታንጎራጉር ዋለች። አባቴ እንኳ፣ ከመሸመኛው ጉድጓድ አንገቱን የማያቀና ሰው፣ ለሕፃኗ የክርስትና ልብስ የሚሆን ነጭ ጨርቅ ጀመረላት።

በዚያ ጾም እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከዋርካው ሥር እንቆም ነበር። እናቴ አራስ ናት፣ መግባት አይገባትም፤ ባትሆንም ከደጀ ሰላሙ አናልፍም። የቄሱ ስብከት በአጥሩ ላይ ተሻግሮ ይመጣል። ነቢያት እንዴት እንደጾሙ፣ ይመጣል ያሉትን ሳያዩት እንደሞቱ፣ መጥቶም የገዛ ወገኖቹ እንዳላወቁት፣ ቦታ አጥቶ ከከብት በረት እንዳደረ ይናገራሉ። የጧፍ ሽታና የደረቀ ሣር ሽታ በብርዱ ውስጥ ተቀላቅሎ ይደርሰናል። እኔን ጨንቆኝ ነበር። ወገኖቹ ያላወቁትን እኛ እንዴት አድርገን ልናውቀው ነው?

«እማ፣ ቢመጣ በምን እናውቀዋለን?» አልኋት።

ሕፃኗን ከፍ አድርጋ እያዘለች «አይጸየፍሽም» አለችኝ። «አጠገብሽ ደርሶ ካልተጸየፈሽ እሱ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ወደ ሐሙሲት በሚወስደው መንገድ የሚያልፈውን መንገደኛ ሁሉ ዓይን ዓይኑን ሳይ ከረምሁ። አንድ ቀን አንድ ነጋዴ አህያውን አቁሞ ውሃ ለመነኝ። ሮጬ በቅል አመጣሁለት። ተቀብሎኝ ወደ አፉ ሊያስጠጋ ሲል ከጓሮው የተደረደረውን ሸክላ አየ፤ ውሃውን መሬት ላይ ደፋው፣ ቅሉን ወርውሮልኝ አህያውን መታ። እሱ አልነበረማ!

እናቴ ጉልላቱን የሠራችው በአራስ ገላዋ ነው። የተሰበረ ሸክላ ገል ወቅጣ ከጭቃው ጋር ለወሰች፤ ቀኑን ሙሉ በእግሯ ረገጠችው። የተደፋ ጋን የመሰለውን ሆዱን፣ ረጅሙን አንገቱን፣ በዙሪያው የሚቆሙትን ቀንዶች አንድ በአንድ አወጣች። ከዚያ ጠጠር በውሃ እየነከረች ላዩን ታለሰልሰዋለች፤ ያ ሽው ሽው የሚል ድምፅ ዛሬም በጆሮዬ አለ። ሕፃኗ ስታለቅስ እጇን ሳትታጠብ ታጠባታለች፤ የሕፃኗ ጉንጭ ሁልጊዜ በጭቃ ጣት የተዳበሰ ነበር። የታኅሣሥ ጉም ጭቃውን አላደርቅ ሲላት ጉልላቱን ቤት አስገብታ ከምድጃው ወዲያ አቆመችው፤ ሕፃኗን ከምድጃው ወዲህ አስተኛቻት። «ሁለት ልጅ ነው የማሞቀው» ብላ ትስቃለች።

የምትተኩስበት ቀን ግን ሳቋ ጠፋ። እርጥበት ቢቀርበት እሳቱ ውስጥ ይፈነዳል። ቢፈነዳ ደግሞ እግዜር እጇን አልወደደውም ሊሉ ነው፤ ያን ጊዜ ልጅቱንም የሚያጠምቃት የለም። ኩበቱንና ገለባውን ከምራ ለኮሰችና ራቅ ብላ ተንበረከከች። ጭሱ ሜዳው ላይ ተጋድሞ ዋለ። አመዱ ሲበርድ በዱላ ገላለጠችው፤ ጉልላቱ ቀልቶ ወጣ፣ ስንጥቅ እንኳ የለበትም። በጣቷ አንኳኳችው። ደወል ነው የመሰለ። «እሰይ! እሰይ! እሰይ!» አለች፤ አባቴም ሥራውን ጥሎ ወጣ፤ ሦስታችንም እንደ እብድ በየተራ ስናንኳኳው ቆየን።

ዓርብ ጠዋት ሰዉ ሊወስደው መጣ። ቄሱ መስቀልና ጸበል ይዘው ከፊት ናቸው። መጀመሪያ ያደረጉት ጉልላቱን ጸበል መርጨት ነበር፤ ውጭውን ረጩት፣ ውስጡን ረጩት። ከሴቶቹ አንዷ «የነካችውን ታውቃላችሁ፤ ደኅና አድርገው ይርጩት እንጂ አባ!» አለች፤ ደግመው ረጩት። እናቴ አጠገቧ ቆማ ትሰማለች። ከዚያ በአዲስ ነጠላ ጠቅልለው ቃሬዛ ላይ አወጡት፤ ጥላ ዘረጉለት፤ እልልታው ቀለጠ። ከእናቴ እጅ ዕቃ ተቀብለው የማያውቁት ሴቶች የእናቴን ጭቃ ጎንበስ እያሉ በአፋቸው ሳሙት። የቦይ ማዶዋም ከመካከላቸው ነበረች። ስትስመው አይቻታለሁ።

እናቴ ሕፃኗን አባቴ በሸመነው ነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ከሰልፉ ራቅ ብላ ተከተለች፤ እኔ ቀሚሷን ይዣለሁ። ደጀ ሰላሙ ላይ ስንደርስ ሰዉ ቆመ። ቄሱ ቃላቸውን አላጠፉም፤ ዞረው ጠሯት። «ክርስትና የምታነሣት የታለች?» አሉ።

እናቴ ወደ ሴቶቹ ተመለከተች። የቦይ ማዶዋ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ መሬት መሬት ታያለች። አማቷ ክንዷን ጭምድድ አድርጋ ይዛታለች።

«እህቴ» አለቻት እናቴ። ሰው እየሰማ ስትጠራት የመጀመሪያዋ ነበር። «ያልሽኝ ቀን ዛሬ እኮ ነው።»

አማትየዋ ናት የመለሰች። «የቤቴን ልጅ የማን እናት ልታደርጊያት ነው? ወግጂ!»

ሕፃኗ ሳለች፤ ያች ትንሽ ሳል ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማች። ቄሱ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «አንዲት ሴት ትጥፋ?» አሉ። ጠፋች። ሁሉም ዓይኑን ጉልላቱ ላይ ተከለ። «እንግዲህ ያለ ክርስትና እናት አይሆንም። ፈልገሽ ለጥምቀት በዓል አምጫት» አሏት።

«አባ፣ ለጥምቀት አትደርስልኝም። አይሰሟትም እንዴ?»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አሉና ገቡ።

እግዚአብሔር ያውቃል! ያች ቃል እንዲያ ስትባል ዛሬም ደሜ ይፈላል። ካረጀሁ በኋላ አንድ ሌላ ቄስ ጠይቄ ነበር፤ ለሞት ለተቃረበች ሕፃን ሰማንያ ቀንም አይጠበቅ፣ ቢፈልጉ መንገድ አያጡም ነበር አሉኝ። ሰው ፈርተው ነው። በስድስት ሳምንት ጾም ስለ እግዜር መምጣት የሰበኩ ሰው፣ አንዲት አማት ፈሩ። ጭቃው ተጠመቀ፤ ልጅቱ ቀረች።

እናቴ አላለቀሰችም። እየሮጠች ማለት ይቻላል ወደ ቤት ወረደች፤ እኔ እየወደቅሁ ተከተልኋት። ከመደቡ ላይ ገና ውሃ ያልነካት ትንሽ አዲስ ማሰሮ ነበረች፤ አነሣቻትና ውሃ ሞላችባት። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ያያታል። ነገሩ ሲገባው «አንቺ ሴት፣ ኃጢአት ነው!» አለ።

«ኃጢአቱ በኔ።» ወደኔ ዞረች። «እጅሽን ታጠቢ። ክርስትና የምታነሻት አንቺ ነሽ።»

«እኔ ልጅ ነኝ እኮ እማ።»

«ብትሆኚስ? አንቺ አትሸሻትም።»

ከላይ፣ ከጉብታው፣ ደወሉ ተደወለ፤ እልልታው መጣ። ጉልላቱን እያወጡት ነበር። እናቴ ሕፃኗን አራቁታ በአንድ ክንዷ ይዛ ከማሰሮዋ አፈሰሰችባት። በአብ ስም አለች። በወልድ ስም አለች፤ ሕፃኗ ትንፋሿን ዋጠች። በመንፈስ ቅዱስ ስም ስትል ከበሩ በኩል «አሜን» ሲባል ሰማሁ። አባቴ ነው። ነጠላውን አደግድጎ፣ ፊቱ እንባ በእንባ ሆኖ ቆሟል። እናቴ ጎንበስ ብላ ስሟን በጆሮዬ ነገረችኝና እርጥቧን ልጅ ሰጠችኝ። ተቀበልኋት። ያ የአዲስ ሸክላ ሽታ ከጸጉሯ ይመጣ ነበር።

ያን ሰዓት እግዜር ቤታችን ነበር። በዚህ የሚከራከረኝ ሰው ቢመጣ አልሰማውም። ብርሃን አልወረደም፣ የተናገረ ድምፅ የለም፤ ጭሱ እንዳለ ነው፣ ዶሮዎቹ እግራችን ሥር ይጭራሉ። ግን ከዚያች ጠባብ ቤት የሚሸሽ አንድ ሰው አልነበረም፤ እኔም ይኸው መጣ አልሁ በልቤ። አወቅሁት። ከዚያ ወዲህ ስንት ቅዳሴ ቆሜያለሁ፤ አሁን ሰው በማያውቀኝ ሰፈር ከፊት ከሴቶቹ ጋር ነው የምቆም፣ የማን ልጅ ነሽ የሚለኝ የለም። እንደዚያ ሆኖ ግን አንድ ቀንም አላገኘሁት። ለምን አንድ ጊዜ ብቻ? ለምንስ ሊወስዳት ሲል መጣ? ይኸንን የሚመልስልኝ አጣሁ።

እሑድ ጠዋት፣ በኖላዊ፣ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ስለ ቸሩ እረኛ ሲሰበክ፣ እህቴ በእናቴ ጭን ላይ ትንፋሿ ቆመ። ሳሏ የቆመ መስሎን ተደስተን ነበር።

አባቴ ወደ ቄሱ ወጣ። ተጠምቃለች አላቸው። ማን አጠመቃት ቢሉት እናቷ አለ። የተቆጡት ቁጣ! ለእናቴ ንስሐ ሰጧት፤ እስከ ሁዳዴ ስትሰግድ ጉልበቷ ቆስሎ ነበር። ልጅቱን ከግቢው አላስገቧትም። አባቴ በዚያው በክርስትና ልብሷ ጠቅልሎ ከርብ ዳር ቀበራት፤ ድንጋይ ጫነባት። በሚመጣው ክረምት ርብ ሞልቶ ዳርቻውን ከነድንጋዩ ወሰደው። ዛሬ ቦታዋን አሳዪ ብትይኝ የማሳይሽ የለኝም።

ጉልላቱ ግን ረጅም ዘመን ኖረ። ጣሪያው ቆርቆሮ ሲሆን አወረዱት፤ ሲያወርዱት ተሰበረና ሴቶቹ ገሉን ለበረከት ተሻሙበት አሉ። አይ ሰው!

የቦይ ማዶዋ ከልደት በኋላ አንድ ቀን እንስራዋን ይዛ ከቦዩ ማዶ ቆመች። እናቴ ጭቃ ትቆፍራለች። «አማቴ ናት» አለች እያለቀሰች። «ብታቅፊያት ወተትሽ ይደርቃል፣ ልጅሽ ይሞትብሻል አለችኝ። ፈራሁ።» እናቴ ቀና ብላ አየቻት። እኔ ትሰድባታለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «ውሃሽን ቅጂ» አለቻትና ወደ ጭቃዋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሲነጋገሩ አልሰማሁም።

እናቴ ስትሞት እኔ አጠገቧ ነበርሁ። ሌላ የጠየቀችኝ ነገር የለም፤ «ተቆጥሮላት ይሆን?» ነው ያለችኝ። ማንን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። «ተቆጥሮላታል እማ» አልኋት። ከየት አውቄ! ግን ምን ልበላት? እጄን ያዘችኝና ዓይኗን ከደነች።

ስሟን ላንቺም አልነግርሽም፤ እንዳትቀየሚኝ። የክርስትና ስም ነው፣ በጆሮዬ ነው የተሰጠኝ፤ አባቴ እንኳ ሳይሰማው ሞተ። ጠዋት ጠዋት ስጸልይ አንድ ጊዜ እጠራታለሁ። ቄስ አይጠራት፣ መቃብር የላት፤ ያን ስም ከሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔም ቀኔ ደርሷል። ከዚያ በኋላ የሚጠራት እግዜር ብቻ ነው። እኔ የድርሻዬን ጠርቻታለሁ፤ እንግዲህ ተራው የሱ ነው።